የበረኪናው ሂሳብ

የቧንቧ ውሃ አንዳንድ ቀን በረኪና በረኪና ይላል። ያን ጊዜ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ጎሽ! ክሎሪን ገብቶበታል ማለት ነው» ብሎ ግጥም ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ «ይሄ ነገር እኮ ካንሰር ያመጣል ይላሉ» ብሎ ብርጭቆውን መልሶ ያስቀምጣል። የሚገርመው ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ችግሩ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን መያዛቸው ነው።

ሙሉውን ለማግኘት ወደ ኋላ ሄዶ ታሪኩን ማየት ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ሃሳብም እሱ ነው። ታሪኩ የኬሚስትሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፍርድ ቤት አለበት፣ ቢራ ፋብሪካ አለበት፣ ጋዜጣ አለበት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሂሳብ ቀመር አለበት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐኪሙና ፍርድ ቤቱ

ከኒው ዮርክ ወንዝ ማዶ ጀርሲ ሲቲ የምትባል ከተማ አለች። ከመቶ ዓመት በፊት ከተማዋ ውሃ የምታገኘው ቡንተን ከተባለ ትልቅ ማጠራቀሚያ ሲሆን አቅራቢው የግል ኩባንያ ነበር። ከተማዋ «በውላችን መሠረት ሁልጊዜ ንጹህ ውሃ አላቀረብክልኝም» ብላ ኩባንያውን ከሰሰችው። ዳኛው በ1908 ለኩባንያው ምርጫ ሰጡት፦ ወይ ከማጠራቀሚያው በላይ ላሉት መንደሮች የፍሳሽ መስመር ይዘርጋ፣ አለበለዚያ ሌላ መላ ይፈልግ። የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር።

የኩባንያው አማካሪ ዶክተር ጆን ሊል ሐኪም ነበሩ። አባታቸውም ሐኪም ነበሩ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘምተው እዚያ በያዛቸው የተቅማጥ በሽታ ለዓመታት ሲሰቃዩ ኖረው ነው የሞቱት። ልጃቸው የመረጡት «ሌላ መላ» ጨርቅ ማንጫ ዱቄት ሆነ። በረኪናችን የዚህ ዱቄት የቅርብ ዘመድ ነው። መሐንዲሱ ጆርጅ ፉለር መሣሪያውን ነደፉ፤ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1908 የቡንተን ውሃ ክሎሪን እየተጨመረበት መፍሰስ ጀመረ።

ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1902 ቤልጅየም ውስጥ ሚድልኬርክ የምትባል ከተማ ሞክራዋለች፤ በ1905 የእንግሊዟ ሊንከን ከተማ በታይፎይድ ስትታመስ ተጠቅማበታለች። ነገር ግን 200,000 ያህል ሕዝብ ላለው ከተማ፣ በየቀኑ፣ ሳያቋርጥ? ይህ አልተሞከረም። ሊል ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀርበው ይህንኑ አምነዋል። የከተማዋ ጠበቆች «መርዝ ነው» ብለው ጮኹ። ለቤተሰብዎ ይሰጡታል ወይ ተብለው ሲጠየቁም ሊል አላመነቱም። በ1910 ፍርዱ ለክሎሪን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ከተማ ከከተማ እየተቀባበለ ወሰደው። በ1900 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከ100,000 ሰው 100 ያህሉን ታይፎይድ ይይዘው ነበር። በ1920 ቁጥሩ ወደ 34 ወረደ። ውሃ ማጣራቱም፣ ወተት ማፍላቱም፣ ፍሳሽ ማስወገዱም ድርሻ አላቸው፤ የክሎሪን ድርሻ ግን ትልቅ ነው። ስለዚህ ክሎሪንን የሚያሙ ሰዎች መጀመሪያ ይህን ቁጥር ልብ ይበሉልን።

ያኔ ያልተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነበር። ክሎሪን ጀርም ሲያገኝ ጀርሙን ይገድላል። ጀርም ካልሆነ ነገር ጋር ሲገናኝስ ምን ያደርጋል? ይህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት 66 ዓመት ጠበቀ።

ከቢራ ወደ ውሃ

ያንን መልስ ያገኘው ዮሃነስ ሩክ የተባለ የኔዘርላንድስ ኬሚስት ነው። ሩክ የሮተርዳም ከተማ ውሃ አገልግሎት ባልደረባ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። የቢራው ሙያ ምን ይጠቅመዋል ትሉ ይሆናል። የጠላ ጋን ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው አይደል? በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ቶሎ የሚተን ነገር ሁሉ ከፈሳሹ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ይከማቻል። ቢራ ጠማቂዎች ያንን አየር ስበው፣ ጋዝ ክሮማቶግራፍ በሚባል መሣሪያ አሳልፈው፣ የቢራውን ጠረን ይመረምራሉ። ሩክ ይህንኑ ዘዴ በሮተርዳም ውሃ ላይ ሞከረው።

ያገኘው ነገር አስደነገጠው። ሮተርዳም የምትጠጣው ከቆሸሸ ወንዝ የተቀዳ ውሃ ስለነበር ወንዙ ውስጥ የፋብሪካ ኬሚካል ቢገኝ ማንም አይደነቅም። እሱ ያገኛቸው አራት ውህዶች፣ ከመካከላቸው ክሎሮፎርም አንዱ ነው፣ ከክሎሪን በፊት ጥቂት ወይም ምንም ነበሩ፤ ከክሎሪን በኋላ ግን በዝተው ተገኙ። ከፋብሪካ የመጡ ሳይሆን እዚያው ውሃ ማጣሪያው ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው ማለት ነው።

ከምን ተፈጠሩ? ሩክ ረግረግ ውስጥ በስብሶ የቆየ የዕፅዋት አፈር በውሃ ዘፍዝፎ፣ በዚያ ውሃ ላይ ክሎሪን ጨመረበት። እነዚያው ውህዶች ብቅ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቅጠል፣ ሣርና ሥር ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ሻይ የሚመስል ቀለም ይለቃል። ያ ቀለም በራሱ አይጎዳም። ክሎሪን ሲያገኘው ግን ትራይሃሎሜቴን የሚባሉትን አራት ውህዶች ይፈጥራል። ውሃው ውስጥ ብሮማይድ ካለ ደግሞ ብሮሚን ያለባቸው ዓይነቶቹ ይበዛሉ። ሩክ ይህን በ1974 አሳተመ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ተመራማሪዎችም በሌላ መንገድ እዚያው ውጤት ላይ ደረሱ።

ጉድ ፈላ

አሜሪካ ውስጥ ያ ዓመት ስለ ውሃ ብዙ የተወራበት ነበር። በኅዳር ወር ስለ ኒው ኦርሊንስ የመጠጥ ውሃና ስለ ካንሰር የወጣ ጥናት ጋዜጣና ቴሌቪዥኑን አጨናነቀው። ዲሴምበር 16 ቀን 1974 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የመጠጥ ውሃ ደኅንነት ሕጉን ፈረሙ። በቀጣዩ ዓመት 80 ከተሞች ተመረጡና ውሃቸው ተመረመረ። ክሎሪን በሚጠቀሙት ዘንድ ትራይሃሎሜቴን የተለመደ ነገር ሆኖ ተገኘ። በ1976 ደግሞ ብሔራዊ የካንሰር ተቋሙ ክሎሮፎርም በብዛት የተሰጣቸው አይጦች ካንሰር እንደያዛቸው አስታወቀ።

በ1979 ገደብ ወጣ፦ አራቱ ውህዶች ተደምረው በሊትር ከ100 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ። ይህ ስንት ነው? ግቢያችሁ ውስጥ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ እንበል፤ እሱ ሙሉ ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ የሚጠጣ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለውም ይሠራል።

ወደ 80ዎቹ ከተሞች ልመልሳችሁ። የዚያ ምርመራ ትልቁ ትምህርት የልዩነቱ ስፋት ነበር። አንዳንዱ ከተማ ውስጥ ክሎሮፎርሙ ከምንም አይቆጠርም፤ ሌላው ዘንድ በሊትር ከ300 ማይክሮግራም በላይ ነው። ሁሉም ክሎሪን ይጨምራሉ። ታዲያ ይህን ያህል ምን ለያያቸው? የግምቱ ሳይንስ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ለምን መገመት አስፈለገ? ለክቶ ማወቅ አይበቃም ወይ? አይበቃም። ናሙናው ተወስዶ፣ ላቦራቶሪ ገብቶ ውጤቱ እስኪመጣ ሕዝቡ ውሃውን ጠጥቶ ጨርሷል። ውሃ ማጣሪያ የሚያንቀሳቅስ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ነገ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲደፈርስ፣ እሱም ክሎሪኑን ሲጨምር፣ ከሁለት ቀን በኋላ መስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ቤት ምን እንደሚደርሰው ነው።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎች ቀመር ለመሥራት ሞከሩ። በጣም ከታወቁት አንዱ በ1987 የወጣው የጋሪ ኤሚና የባልደረቦቹ ነው። ከተለያዩ የአሜሪካ የውሃ ምንጮች ናሙና ወሰዱ፤ ክሎሪኑን፣ ሙቀቱን፣ አሲድነቱን፣ የቆይታ ጊዜውን እየቀያየሩ ለኩ፤ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ቀመር አሰሩት። ስለ ተፈጥሯዊው ቅሪት ሁለት ነገር ይገባበታል፦ የካርቦኑ መጠንና ውሃው ምን ያህል አልትራቫዮሌት ብርሃን እንደሚውጥ። የሻይ ቀለሙ በበዛ ቁጥር የሚዋጠው ብርሃንም ይበዛል፤ ይህ ደግሞ በደቂቃ የሚለካ ነገር ነው።

ቀመሩን እዚህ ዘርግፌ አላሰለቻችሁም። ነገር ግን ካልኩሌተር ይዤ ተቀምጬ ቁጥሮቹን ስቀያይር ያየሁትን ልንገራችሁ። የውሃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ ቢወጣ ትራይሃሎሜቴኑ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ውሃው ቧንቧና ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ሃያ በመቶ ያህል ይጨምራል።

አሁን ዋናው መጣ። ክሎሪኑን በግማሽ ብንቀንስስ? ሰው ሁሉ ተረፈ-ምርቱም በግማሽ የሚቀንስ ይመስለዋል። ቀመሩ ግን ሩብ ያህል ብቻ ነው የሚቀንሰው ይላል። በተቃራኒው ክሎሪኑን ሳንነካ የበሰበሰውን የዕፅዋት ቅሪት አስቀድመን በግማሽ ብናወጣ (ብርሃን መዋጡም አብሮት በግማሽ ይወርዳል እንበል) ትራይሃሎሜቴኑ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ልብ በሉ። «ክሎሪን ይቀነስ» የሚለው ሰው ግማሽ መከላከያውን ሰጥቶ የሚያገኘው ሩብ ትርፍ ነው። ከኮሌራ ጋር እንዲህ ዓይነት ንግድ አይነገድም። «ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ውሃው በደንብ ይጣራ» የሚለው ግን ከሁለቱም ጠላት ይድናል፤ ንጹህ ውሃ የሚፈልገው ክሎሪን ራሱ ያነሰ ነውና። በ1998 የወጣው የአሜሪካ ደንብ ገደቡን ወደ 80 ሲያወርድ፣ ሃሎአሴቲክ አሲድ ለሚባሉት ሌላ ተረፈ-ምርቶች 60 ሲያስቀምጥ፣ የግድብና የወንዝ ውሃ የሚያጣሩትን «ቅሪቱን አስቀድማችሁ በዚህን ያህል መቶኛ አውጡ» ብሎ ማስገደዱም ከዚህ የመነጨ ነው።

የሊማ ክስ

በ1991 ፔሩ ውስጥ ኮሌራ ገባ። በአንድ ዓመት ከ300,000 በላይ ሰው ታመመ፤ 3,000 ገደማ ሞተ። ወዲያው አንድ ታሪክ ተሰራጨ፦ «የፔሩ ባለሥልጣናት የአሜሪካኖቹን የካንሰር ወሬ ሰምተው ክሎሪን አቆሙ፤ ሕዝቡም አለቀ።» ታሪኩ ለአፍ ይጥማል፤ ለዓመታት ክሎሪንን የሚነካ ሁሉ ማስፈራሪያ ሆኖ ኖረ።

በ2005 ሁለት ተመራማሪዎች ጉዳዩን መልሰው ፈተሹት። ያገኙት ሌላ ነገር ነበር። አብዛኛው ችግር ገንዘብ፣ ያረጀ መስመርና ጨርሶ ያልታከመ ውሃ ነበር፤ የካንሰሩ ፍራቻ ዋናው ምክንያት ነው ለማለት አያበቃም። እንግዲህ ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሲያነብ ምን ይላል? እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ ክሎሪን የጎደለበት ውሃ የሚያደርሰውን ለማወቅ ተረት አያስፈልግም፤ እውነቱ ራሱ በቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ ዛሬ የሚለው ይህንኑ ነው፤ የተረፈ-ምርቶቹ አደጋ ውሃን ሳያክሙ ከመልቀቅ አደጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

ከድጡ ወደ ማጡ

አሁን የምነግራችሁ ለእኛ ሰው ቅርብ ከሆነ ከተማ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የኢትዮጵያውያን መኖሪያ ናቸው።

በኅዳር 2000 የዋሽንግተን ውሃ አቅራቢ አዲሱን የተረፈ-ምርት ገደብ ለማክበር ሲል በቧንቧ መስመሩ ውስጥ ነጻ ክሎሪኑን በክሎራሚን ተካው። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው የሚሰጡት ውህድ ነው፤ ጀርምን ቀስ ብሎ ያጠቃል፤ ትራይሃሎሜቴን ግን እምብዛም አይፈጥርም። ግምቱ ልክ ነበር። ትራይሃሎሜቴኑ ወረደ።

ነገር ግን ብዙ አሮጌ ቤቶች ከዋናው መስመር የሚገናኙት በእርሳስ ቧንቧ ነበር። ነጻው ክሎሪን ለዓመታት በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጠንካራ የእርሳስ ዝገት ሠርቶ እርሳሱ እንዳይሟሟ ይዞት ኖሯል። ክሎራሚን ሲተካው ያ ዝገት መሟሟት ጀመረ። እርሳስ ደግሞ የሕጻናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ከ6,000 በላይ ቤቶች ተመርምረው ከ4,000 በላይ የሚሆኑት ከተወሰነው መጠን በላይ ሆነው ተገኙ። ሕዝቡ በስፋት ያወቀው በጥር 2004፣ ጋዜጣ የፊት ገጹ ላይ ሲያወጣው ነው። በዚያው ዓመት እርሳሱን የሚያስር ፎስፌት ውሃው ላይ መጨመር ተጀመረ። በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ በእነዚያ ዓመታት የብዙ ሕጻናት ደም ውስጥ እርሳስ ከፍ ብሎ እንደነበር አሳየ።

ከቀመሩ ምን ጎደለ? ቀመሩ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። የተጠየቀው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ስለ ቧንቧው ማንም አልጠየቀውም።

አማካይ ቁጥርም እንዲሁ ይሸፍናል። ቀድሞ የአንድ ከተማ ውጤት የሚሰላው ሁሉም ናሙና ተደምሮ በአማካይ ነበር። ማጣሪያው አጠገብ ያለው ሰፈር ዝቅ ሲል፣ ውሃ ቀናት ተኝቶ የሚደርሰው የዳር ሰፈር ከፍ ይላል፤ አማካዩ ግን ሁለቱንም «ደህና» ይላቸዋል። በ2006 የወጣው ደንብ ይህን ለወጠው፤ እያንዳንዱ ናሙና የሚወሰድበት ቦታ ለብቻው ገደቡን ማሟላት አለበት ተባለ።

የሚቺጋኗ ፍሊንት ከተማ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ላይ አየች። በ2014 ወደ ወንዝ ውሃ ተዛወረች፤ በዚያው ክረምት ባክቴሪያ ተገኘና ክሎሪኑ ተጨመረ፤ ትራይሃሎሜቴኑ ከገደቡ አለፈ፤ ነዋሪው በጥር 2015 ማስጠንቀቂያ ደረሰው። የእርሳሱ ጉድ ለዓለም የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። የደፈረሰ የወንዝ ውሃ በክሎሪን ብዛት ብቻ ሲታከም ምን እንደሚሆን ከ1974 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነበር።

እኛስ?

አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ የምትጠጣው የግድብ ውሃ ነው፤ ከአቃቂ በኩል የሚመጣው ግን ከጉድጓድ ነው። የጉድጓድ ውሃ ብዙውን ጊዜ የበሰበሰ ቅጠል አያውቅም፤ የግድብ ውሃ በተለይ በክረምት ጎርፍ ሁሉን ጠርጎ ሲያስገባበት ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ክሎሪን ቢጨመር እንኳ ሁለት ሰፈር ሁለት ዓይነት ውሃ ሊጠጣ ይችላል። በዚያ ላይ ፈረቃው አለ። ውሃው ሮቶ ውስጥ ፀሐይ ላይ ለቀናት ሲቀመጥ ቀሪው ክሎሪን እያነሰ ይሄዳል፤ ሙቀቱና ጊዜው ደግሞ ተረፈ-ምርቱን ያበዛሉ። የአሜሪካው ቀመር የተሠራው በአሜሪካ ውሃ ነው፤ ሮቶና ፈረቃ አያውቅም። ለእኛ የሚሆን ቀመር በእኛ ውሃ ላይ ተለክቶ ነው የሚሠራው።

አሁን ያለውን እውቀት ላጠቃልል። ተመራማሪዎች እስካሁን ከ700 በላይ ተረፈ-ምርቶች ለይተዋል። ለአሥርት ዓመታት ክሎሪን ያለበት ውሃ በጠጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፊኛ ካንሰር ጋር የተያያዘ ነገር ያሳያሉ፤ ከውህዶቹ ውስጥ ተጠያቂው የትኛው እንደሆነ ግን ገና ክርክር ነው። ትራይሃሎሜቴን የሚለካው እንደ ጠቋሚ ነው፤ ጢስ እሳትን እንደሚጠቁም። ክዳን ከፍቶ ማፍላት አብዛኛውን ትራይሃሎሜቴን ያተናል፤ ሃሎአሴቲክ አሲዶቹን ግን አያስወጣም።

ስለዚህ የውሃ አጋር ጠርሙሳችሁን አትጣሉ። አተት በ2016 አዲስ አበባ ድረስ እንደገባ የሚያስታውስ ሰው ክሎሪንን አይንቅም። እንደ ተማረ የከተማ ሰው ግን ጥያቄያችንን እናሻሽል። «ክሎሪን አለበት ወይ?» ብቻ ብለን አንቁም። ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ከውሃው ምን ያህል ቅሪት ወጣ? በክረምትና በበጋ ቁጥሩ ስንት ነው? የእኔ ሰፈርስ፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው፣ ለብቻው ስንት ነው? ቁጥሩ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል ወይ? ዋሽንግተን ውስጥ ችግሩን ያከረረው ሰው ቁጥሩን ሳያይ መቆየቱ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም፤ ውሃ ጠጪ መሆን ይበቃል።

ቸር ይግጠመን።